የሐሳብ ነፃነት ተሟጋች ማኅበራት ታሪክ፦ ለአንድ የድሬዳዋ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በድሬዳዋ ወጣቶች ዘንድ በሚነበብ አንድ መጽሔት ላይ ሰሞኑን ስለ ሐሳብ ነፃነት ተሟጋች ማኅበራት የሚተች ጽሑፍ ወጥቶ በከተማዋ ሰፈሮች ከከዚራ እስከ መጋላ ሲያነጋግር ሰንብቷል። ጽሑፉ የተነሣው በድሬዳዋና በሐረር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሐሳብን በነፃነት ስለ መግለጽ የሚማማሩ ክበባት ይቋቋሙ ከሚለው ሐሳብ ሲሆን፣ ክበባቱ አያስፈልጉም ብሎ ይደመድማል። ጸሐፊው ለዚህ አምስት ምክንያቶች ደርድረዋል። የንግግር ነፃነት የታላላቅ ግለሰቦችና የአስተዋይ መንግሥታት ስጦታ እንጂ የማኅበራት ውጤት አይደለም ይላሉ። ተሟጋች ማኅበራት የቀዝቃዛው ጦርነት ውላጆች ናቸው ይላሉ። በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ሥር የላቸውም፣ የጥላቻ ንግግርን ይከላከላሉ፣ በመጨረሻም ጉዳዩ የአዲስ አበባ ጋዜጠኞች እንጂ የእኛ አይደለም ይላሉ። ጽሑፉ በጨዋነት የተጻፈ ስለሆነ ምላሹም በዚያው መንፈስ ሊሆን ይገባዋል፤ ሆኖም በአምስቱም ነጥቦች ላይ ታሪኩ የሚመሰክረው ሌላ ነው።

የመጀመሪያውን ነጥብ ለማስረዳት ጸሐፊው ሁለት ታሪኮችን ጠቅሰዋል፦ እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጆን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ1644 የቅድመ ኅትመት ፈቃድን በመቃወም የጻፈውን ሙግትና ስዊድን በ1766 ያወጣችውን የፕሬስ ነፃነት ሕግ። ታሪኮቹ እውነት ናቸው፤ የሚያስረዱት ግን የጸሐፊውን ተቃራኒ ነው። ሚልተን ሙግቱን ለፓርላማው አቀረበ፣ ፓርላማውም አልሰማውም። የፈቃዱ ሥርዓት በእንግሊዝ ለመጨረሻ ጊዜ የተቋረጠው ከ51 ዓመታት በኋላ፣ በ1695፣ ሚልተን ራሱ ካረፈ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ያን ጊዜም ሕጉ ሳይታደስ የቀረበት ዋናው ምክንያት የለንደን መጽሐፍ አታሚዎችና ሻጮች ማኅበር በእጁ የያዘው ብቸኛ የንግድ መብት ብዙዎችን በማስመረሩ ነበር። የስዊድኑ ሕግም ንጉሥ ያደለው ችሮታ አይደለም። አንደርስ ኪዴንዮስ የተባለ ቄስ በምክር ቤቱ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ተከራክሮ ያስወጣው ነው። ሕጉ ከወጣ በኋላ ግን ነቅቶ የሚጠብቀው የተደራጀ ወገን በቂ ኃይል አልነበረውም፤ ንጉሥ ጉስታቭ ሦስተኛ በ1772 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣኑን ካጠናከረ በኋላ በ1774 ነፃነቱ ተሸራረፈ። ስምንት ዓመት ብቻ ነው የቆየው።

ጸሐፊው ያለፉት ታሪክ በእኔ አመለካከት ከሁለቱም ይበልጣል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የእንግሊዝ መንግሥት በእያንዳንዱ የጋዜጣ ቅጂ ላይ የ4 ፔንስ የቴምብር ቀረጥ ጥሎ ነበር። የቀረጡ ዓላማ ገቢ መሰብሰብ ብቻ ሳይሆን ጋዜጣ በሠራተኛው እጅ እንዳይገባ ማድረግም ነበር። ሄንሪ ሄዘሪንግተን የተባለ አታሚ ከ1831 ጀምሮ ቴምብር የሌለው ጋዜጣ በ1 ፔኒ እያሳተመ መሸጥ ጀመረ፣ ታሰረ፣ ተፈታ፣ እንደገና ታሰረ። ከእርሱ ጋር በመቶዎች የሚቆጠሩ አዟሪዎች ወህኒ ወረዱ። ትግሉ ያልሞተው ሠራተኞች ገንዘብ አዋጥተው የታሳሪዎቹን ቤተሰቦች ስለ ደገፉ፣ አንዱ አዟሪ ሲታሰር ሌላው ቦታውን ስለ ተካ ነው። ቀረጡ በ1836 ወደ 1 ፔኒ ወረደ። በ1851 ደግሞ በዕውቀት ላይ የተጣሉ ቀረጦች እንዲነሡ ብቻ የሚታገል ማኅበር ተቋቁሞ፣ የማስታወቂያው ቀረጥ በ1853፣ የቴምብሩ በ1855፣ የወረቀቱ በ1861 ተሰረዙ። በዚህ ድል ውስጥ ሚልተንን የሚያህል ባለቅኔ የለም። ሰፊ ንባብ ያለው ሕዝብ የተፈጠረው ግን በዚህ ድል ነው።

ሁለተኛው ነጥብ በዘመን አቆጣጠር ብቻ ውድቅ ይሆናል። የቀዝቃዛው ጦርነት የተጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የፈረንሳይ የሰብአዊ መብቶች ሊግ ግን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1898፣ ያለ ጥፋቱ የተፈረደበትን መኮንን ድሬይፈስን ለመከላከል ነው። በአሜሪካ የነፃ ንግግር ሊግ በ1902፣ የአሜሪካ የሲቪል ነፃነቶች ኅብረት በ1920፣ ዓለም አቀፉ የጸሐፍት ማኅበር ፔን በ1921 ለንደን ውስጥ፣ የብሪታንያ የሲቪል ነፃነቶች ምክር ቤት በ1934 ተመሥርተዋል። እነዚህ ማኅበራት ሲቋቋሙ የተጋፈጡትም የባዕድ አገር መንግሥትን ሳይሆን የራሳቸውን ነበር። የአሜሪካው ኅብረት የበቀለው አሜሪካ በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ጦርነቱን ተቃውመው የተናገሩ ሰዎች እየታሰሩ በነበረበት ወቅት ነው። የሶሻሊስቶቹ መሪ ዩጂን ዴብስ በ1918 ባደረገው አንድ ንግግር ብቻ የ10 ዓመት እስራት የተፈረደበት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያም በፊት በ1909 ስፖኬን በተባለች የምዕራብ አሜሪካ ከተማ የሆነውን ጸሐፊው ቢያነቡት ይህን ነጥብ ባላነሡ ነበር ብዬ አምናለሁ። የከተማው ምክር ቤት በአደባባይ መናገርን ከለከለ። የዓለም የኢንዱስትሪ ሠራተኞች የተባለው ማኅበር አባላቱን ከየአቅጣጫው ጠራ፤ አባላቱ በየተራ ሣጥን ላይ እየወጡ ለመናገር አፋቸውን ሲከፍቱ ፖሊስ አንድ በአንድ ያወርዳቸውና ይወስዳቸው ነበር። ብዙዎቹ የቀን ሠራተኞች፣ እንግሊዝኛ በደንብ የማይችሉ ስደተኞች ነበሩ። የ19 ዓመቷ ኤልዛቤት ገርሊ ፍሊን ነፍሰ ጡር ሆና ሳለ ፖሊስ ወዲያው እንዳያወርዳት ራሷን ከመብራት ምሰሶ ጋር በሰንሰለት አሰረች። እስር ቤቱ ሞላ፣ ከተማዋም ወጪውን መቋቋም አቃታት፣ በ1910 መጋቢት ወር ክልከላው ተነሣ። ለነፃ ንግግር በተደራጀ መንገድ ከታገሉት ቀደምት ሰዎች መካከል እንዲህ ያሉ የጉልበት ሠራተኞች መኖራቸው በድሬዳዋ ለምንኖር ሰዎች ሩቅ ታሪክ አይደለም፤ ወደዚህ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጸሐፊው በዚሁ ነጥብ ሥር ካነሷቸው ነገሮች አንዱ ግን እውነት ነው፣ አልክድም። በ1950 የተቋቋመው የባህል ነፃነት ጉባኤ የተባለው ድርጅት ከአሜሪካ የስለላ ድርጅት በስውር ገንዘብ ይቀበል እንደነበር በ1960ዎቹ አጋማሽ ተጋልጧል። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ስቲቨን ስፔንደር በአዘጋጅነት ይሠራበት የነበረው መጽሔት በዚሁ ገንዘብ ይደገፍ እንደነበር ሲታወቅ በ1967 ሥራውን ለቀቀ። ጸሐፊው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል። ስፔንደር ግን በዚያ አላበቃም፤ የሶቪየት መንግሥትን ይቃወም የነበረው ፓቬል ሊትቪኖቭ በ1968 ከሞስኮ ያሰማውን ጥሪ ተከትሎ ከሌሎች ጋር በ1972 የሳንሱር ተቃዋሚ መጽሔት መሥርቷል። መጽሔቱም በሶቪየት ኅብረት የሚታፈኑትን ብቻ ሳይሆን ምዕራባውያን የሚደግፏቸው አምባገነን መንግሥታት ያፈኗቸውንም ጸሐፍት ሥራ አትሟል። ማኅበራቱ የራሳቸውን መርሕ የጣሱበትም ጊዜ አለ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የዚያችው የኤልዛቤት ገርሊ ፍሊን ዕጣ ነው፦ በ1920 ካቋቋሙት አንዷ የሆነችበት የአሜሪካው የሲቪል ነፃነቶች ኅብረት በ1940 የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ናት ብሎ ከቦርዱ አስወጣት። ኅብረቱ ይህን ውሳኔ የሻረው በ1976፣ እርሷ ካረፈች ከዐሥር ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ይህ ስሕተት ማኅበራት መመርመር እንዳለባቸው ያሳያል፤ አያስፈልጉም ለማለት ግን ማስረጃ አይሆንም። ስሕተቱን ያጋለጡትና ያረሙት የኅብረቱ አባላት ራሳቸው ናቸውና።

ከዚሁ ነጥብ ጋር የሚያያዘውን፣ ጉዳዩ የምዕራባውያን ብቻ ነው የሚለውን አስተሳሰብም የአፍሪካ ታሪክ ይመልሰዋል። ዛሬ በየዓመቱ የሚከበረው የዓለም የፕሬስ ነፃነት ቀን ሚያዝያ 25 (በአውሮፓውያኑ ሜይ 3) የሆነው በ1991 በዚያ ዕለት የአፍሪካ ጋዜጠኞች ናሚቢያ ውስጥ ተሰብስበው የዊንድሆክን መግለጫ ስላወጡ ነው። በመግለጫው ላይ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1990 ድረስ 48 አፍሪካውያን ጋዜጠኞች በሥራቸው ምክንያት እንደተገደሉ፣ በዚያን ሰዓትም ቢያንስ 17 ጋዜጠኞች፣ አዘጋጆችና አሳታሚዎች በአፍሪካ እስር ቤቶች እንደነበሩ ሰፍሯል። ተባበሩት መንግሥታት ቀኑን ያጸደቀው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ የተከተለው እርሱ ነው፣ የቀደሙት አፍሪካውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የቡርኪና ፋሶ ጋዜጣ አዘጋጅ ኢሳ ኮናቴ በስም ማጥፋት ተከሶ በመታሰሩ ያቀረበውን አቤቱታ የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ተቀብሎ፣ በስም ማጥፋት ጋዜጠኛን ማሰር መብትን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። በዚያ ክርክር ውስጥ አስተያየታቸውን ለፍርድ ቤቱ ካቀረቡት ድርጅቶች መካከል የአፍሪካ ጠበቆችና የአፍሪካ ጸሐፍት ማኅበራት ይገኙበታል።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ፣ ወደ አገራችን ልመለስ። ጸሐፊው «በ1984 እና በ1985 ዓ.ም. መንግሥት ነፃነቱን ሰጠ፣ ማኅበራቱ ግን ምንም አልጨመሩም» ይላሉ። የአገራችን ታሪክ እኮ ነፃነት በወረቀት ላይ ሲሰጥ የኖረበት ታሪክ ነው። ኢትዮጵያ ሁሉን አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. ሲጸድቅ የድጋፍ ድምፅ ከሰጡት 48 አገሮች አንዷ ነበረች፤ 19ኛው አንቀጹ ሐሳብን ስለ መግለጽ የሚናገር ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት 41ኛ አንቀጽም የንግግርና የፕሬስ ነፃነትን በሕግ መሠረት አረጋግጦ ነበር። ሳንሱሩ ግን ቀጠለ፣ ምክንያቱም አንቀጹን አንሥቶ መንግሥትን የሚሞግት ነፃ ማኅበር አልነበረም። ደርግ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ሥልጣን ሲይዝ ሕገ መንግሥቱን አግዶ ሰልፍንና ሥራ ማቆምን ከለከለ። ይህን ከተቃወሙት አንዱ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ነበር፤ መሪዎቹም ወዲያው ታሰሩ። ከዚያ በኋላ ማኅበራት ሁሉ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ገቡ። ደራሲና ጋዜጠኛ በዓሉ ግርማ በ1976 ዓ.ም. በልቦለድ ሥራው የተነሣ ከሥራው ተባርሮ ደብዛው ሲጠፋ፣ በአገር ውስጥ የት ደረሰ ብሎ በይፋ ለመጠየቅ የሚችል ማኅበር አልነበረም። ማኅበር የሌለበት አገር ምን እንደሚመስል ከዚህ የበለጠ ምስክር አልፈልግም።

የ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ሳንሱርን መከልከሉ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ይህን ለማሳነስ አልሻም። ነገር ግን ያው አዋጅ ብዙ የወንጀል ድንጋጌዎችንም ይዞ ስለ ነበር፣ በቀጣዮቹ ዓመታት የግል ጋዜጦች አዘጋጆች በብዛት ታሰሩ። የታሰሩትን ስም ዝርዝር የያዘ፣ ዋስ የፈለገ፣ ለዓለም ያሳወቀ ማን ነበር? በመስከረም 1984 ዓ.ም. በፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም መሪነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤና እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ነፃ ፕሬስ ጋዜጠኞች ማኅበር ነበሩ። የጋዜጠኞቹ ማኅበር ሕጋዊ ምዝገባ ለማግኘት ዓመታት ጠበቀ፣ በ1996 ዓ.ም. በመንግሥት ታገደ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ደግሞ ፍርድ ቤት እገዳው ሕገ ወጥ ነው ሲል ወሰነ። ከምርጫ 97 በኋላ ብዙዎች ሲታሰሩና ሲሰደዱ ማኅበሩም ተዳከመ። ቀጥሎ የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከውጭ አገር ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብት ሥራ እንዳይሰማሩ ሲከለክል፣ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤው ከ12 ጽሕፈት ቤቶቹ 9ኙን ለመዝጋት ተገደደ። ማኅበራት ፋይዳ ቢስ ቢሆኑ ኖሮ ለማዳከም ይህን ያህል ባልተደከመ ነበር።

አዋጁ ለዐሥር ዓመታት ሲሠራ ምን ሆነ? በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ዞን 9 የተባለው የድረ ገጽ ጸሐፍት ስብስብ አባላትና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ ጋዜጠኞቹ ርዕዮት ዓለሙና እስክንድር ነጋ በፀረ ሽብር አዋጁ ተፈርዶባቸው በወህኒ ነበሩ። በአገር ውስጥ ስለ እነርሱ በግልጽ መሟገት የሚችል ማኅበር ስለ ተዳከመ፣ ድምፁ ከውጭ ነበር የሚመጣው። ጸሐፊው «ለምን የውጭ ድርጅቶች ብቻ ይጮኻሉ?» ብለው ይጠይቃሉ። የአገር ውስጡ አፍ በሕግ ስለ ተለጎመ ነው። የማኅበራቱ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተካ፤ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ የዓለም የፕሬስ ነፃነት ቀንን አስተናገደች፤ ድንበር የለሽ ሪፖርተሮች የተባለው ድርጅት በሚያወጣው የፕሬስ ነፃነት ሠንጠረዥ ላይም ኢትዮጵያ ከ150ኛ ወደ 110ኛ ደረጃ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ያለው መውረድና መንገራገጭ ለሁላችንም ግልጽ ነው። ሕገ መንግሥቱ ሐሳብን የመግለጽ መብትን በአንቀጽ 29፣ የመሰብሰብን በ30፣ የመደራጀትን በ31 ያስቀመጠው ጎን ለጎን ነው፤ የሠላሳ ዓመቱ ልምዳችን እንደሚያሳየው 31ኛው ሲላላ 29ኛው ብቻውን አልቆመም።

አራተኛው ነጥብ ከባድ ነው፤ በዚህ ላይ ጸሐፊው የሚያሳስባቸው ነገር እኔንም ያሳስበኛል። በአንድ የሐሰት ወሬ ከደቻቱ ወንዝ ወዲያና ወዲህ ማዶ ያሉ ሱቆች በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲዘጉ ያየ የድሬዳዋ ሰው ስለ ጥላቻ ንግግር በቀላሉ ሊናገር አይችልም። ጸሐፊው የአሜሪካው የሲቪል ነፃነቶች ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1977 የናዚ ደጋፊዎች ስኮኪ በምትባል፣ ከናዚዎች እልቂት የተረፉ ብዙ አይሁዶች በሚኖሩባት ከተማ ሰልፍ የመውጣት መብታቸው እንዲከበር መሟገቱን ጠቅሰዋል። እውነት ነው፤ ኅብረቱ በዚያ የተነሣ በሺዎች የሚቆጠሩ አባላቱን አጥቷል። በግሌ ያ አቋም ለእኛ አገር ይበጃል ብዬ አላምንም። ሆኖም አንድ የአሜሪካ ድርጅት የያዘውን አቋም የማኅበራት ሁሉ አቋም አድርጎ ማቅረብ ትክክል አይደለም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በ20ኛ አንቀጹ ለአድልዎ፣ ለጥላቻና ለጥቃት መቀስቀስ በሕግ እንዲከለከል ያዛል። እ.ኤ.አ. በ1987 ለንደን ውስጥ የተቋቋመውና ስሙን ከሁሉን አቀፉ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ 19ኛ አንቀጽ የወሰደው አርቲክል 19 የተባለ ድርጅት ይህን ድንጋጌ አይቃወምም፤ የሚሟገተው ክልከላው በግልጽ መለኪያ እንዲመራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በተባበሩት መንግሥታት ጥላ ሥር ባለሙያዎች በሞሮኮ ዋና ከተማ በራባት የተስማሙበት ሰነድም ንግግር ወንጀል ከመባሉ በፊት ስድስት ነገሮች ይመርመሩ ይላል፦ የተነገረበት ሁኔታ፣ የተናጋሪው ማንነትና ተደማጭነት፣ ለመቀስቀስ ማሰቡ፣ የንግግሩ ይዘትና ቅርጽ፣ የስርጭቱ ስፋት፣ ጉዳት የማድረሱ ዕድልና ቅርበት።

ጸሐፊው ሩዋንዳንም ያነሣሉ። ሚል ኮሊን የተባለው ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1994 እልቂቱን ማራገቡ፣ ከመሪዎቹም መካከል አሩሻ በነበረው ዓለም አቀፍ የሩዋንዳ ወንጀል ችሎት የተፈረደባቸው መኖራቸው የማይካድ ነው። ነገር ግን ያ ሬዲዮ የተቋቋመው በሥልጣን አካባቢ በነበሩ ሰዎች ገንዘብና ድጋፍ ሲሆን፣ ግድያው ሲጀመር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተፈለጉት መካከል ነፃ ጋዜጠኞችና የመብት ተሟጋቾች ነበሩ። ከሩዋንዳ የሚቀሰመው ትምህርት ጥላቻ የሚሰብክ ድምፅ ብቻውን አየሩን ሲይዝ፣ የሚመልስለት ወገን ደግሞ አስቀድሞ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ነው። የእኛው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል። እኔ ሕጉ ይሻር አልልም። በዚህ አዋጅ የተከሰሰ አንድ ወጣት በእውነት ጥላቻ ቀስቅሶ ይሁን ወይስ ስለ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ያማረረ ብቻ ይሁን የሚለይ፣ መለኪያዎቹን የሚያውቅ ወገን ከሌለ ግን ሕጉ ለሁለቱም አንድ ይሆናል።

የቀረው «ጉዳዩ የአዲስ አበባ ነው» የሚለው ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ሐረር ውስጥ የካፑቺን ሚስዮናውያን በፈረንሳይኛ ጋዜጣ ያትሙ ነበር፤ የኅትመት ታሪካችን ከቀደምት ቦታዎቹ አንዱ እዚሁ ነው። የድሬዳዋ የባቡር ሠራተኞችም በአገሪቱ ከማንም ቀድመው ከተደራጁት መካከል ናቸው፤ በኋላም የጨርቃ ጨርቅና የሲሚንቶ ሠራተኞች ተከትለዋቸዋል። ለደመወዝ የተሰበሰበ ሠራተኛ በመጀመሪያ የሚፈልገው አለቃውን ፊት ለፊት ሳይባረር የመናገር ፈቃድ ነው፤ የስፖኬኖቹም ጥያቄ ይኸው ነበር። በሐረር ጀጎል ውስጥ ለቤተሰብ ሐዘንና ደስታ አፎቻ በተባለው የመረዳጃ ማኅበር፣ በድሬዳዋ ሰፈሮች በእድር መደራጀትን ያወቀ ሕዝብ፣ የተናገረ ሰው ሲታሰር ብቻውን እንዳይቀር መደራጀትን እንደ ባዕድ ልማድ የሚያይበት ምክንያት የለም።

በተግባርም ቢሆን ከመዲናው መራቅ የማኅበርን አስፈላጊነት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በመገናኛ ብዙኃን በሚፈጸም ጥፋት የተጠረጠረ ሰው ለተጨማሪ ምርመራ በእስር ሳይቆይ በቀጥታ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ በ86ኛ አንቀጹ ይደነግጋል። አዲስ አበባ የታሰረ ታዋቂ ጋዜጠኛ ይህን አንቀጽ ለችሎት የሚያነብለት ጠበቃ በዕለቱ ሊያገኝ ይችላል። በሐረር ወይም በድሬዳዋ የታሰረ የአካባቢ ሬዲዮ ዘጋቢ ግን አንቀጹ መኖሩን የሚነግረው ሰው ላያገኝ ይችላል። ሊቋቋሙ የታሰቡት የትምህርት ቤት ክበባት ጠበቃ አይሆኑም፤ አንቀጽ 29ን፣ አንቀጽ 86ን፣ ስድስቱን የራባት መለኪያዎችና የ1185ን ድንጋጌ አጥንተው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በሐረሪ ለሚያውቋቸው ሰዎች ማስረዳት ግን ይችላሉ። ጸሐፊው የክበባቱ ተማሪዎች ስለ ጥላቻ ንግግር በቂ ትምህርት አያገኙም ብለው የሚሰጉ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን የውይይት ርዕስ እርሳቸው ቢመርጡና በመድረኩ ላይ ተገኝተው ቢከራከሩ ደስ ይለኛል።